ካሜራው ያላየው ጥፋትና የዳኞቹ ፍርድ፦ በፎርሙላ ዋን ቅጣቶች ላይ የጅማ ተመልካቾች ውይይት

ጅሬን ማዶ (የክሩ ከፋች)

ስለ ፎርሙላ ዋን ቅጣት በተነሣ ቁጥር ክርክራችን ‹በዛ› ወይም ‹አነሰ› ከሚለው አይወጣም። በአሽከርካሪው ሰዓት ላይ የሚደመር አምስት ሰከንድ ሲሰጥ አሥር ይገባው ነበር እንላለን፤ አሥር ሲሰጥ ደግሞ ለእገሌ ጊዜ አምስት ነበር እንላለን። ከቅጣቱ መጠን በፊት መነሣት የነበረበት ጥያቄ ግን ሌላ ይመስለኛል፦ ዳኞቹ የፈረዱት ምን አይተው ነው? እኛስ እዚህ ጅማ ተቀምጠን የእነርሱን ፍርድ የምንተቸው ምን አይተን ነው?

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉም ይልቅ እ.ኤ.አ. በ2021 በሳኦ ፓውሎ የተደረገው ውድድር ጥሩ ማሳያ ነው። በ48ኛው ዙር ሃሚልተን የዋንጫ ተፎካካሪውን ቬርስታፐንን በአራተኛው ኩርባ በውጭ በኩል ሊያልፈው ሲሞክር ሁለቱም ከመንገዱ ወጡ። ዳኞቹ ክስተቱን መዘገቡት፤ ምርመራ አያስፈልገውም ብለውም አለፉት። በዚያች ሰዓት ግን በቬርስታፐን መኪና ላይ ፊት ለፊት የሚያሳየው ካሜራ የቀረጸው ምስል በእጃቸው አልነበረም፤ በቀጥታ ስርጭቱም አልታየም። ከአንድ መኪና የሚነሣው ምስል ሁሉ በአንድ ጊዜ በቀጥታ ስለማይተላለፍ፣ ምስሉ የወጣው ከውድድሩ በኋላ በነበሩት ቀናት ነው። የሃሚልተን ቡድን መርሴዲስ ይህንኑ ይዞ ውሳኔው እንደገና ይታይልኝ ሲል አመለከተ። ዳኞቹም ምስሉ አዲስ እንደሆነና ከጉዳዩ ጋር እንደሚገናኝ ከተቀበሉ በኋላ፣ ውሳኔውን እንደገና ለማየት የሚያበቃ ክብደት ግን የለውም በማለት ማመልከቻውን ውድቅ አደረጉት።

የእኔ ቅሬታ በውጤቱ ላይ አይደለም፤ የሻምፒዮናውን መንገድ ሊያስቀይር ይችል የነበረ ክስተት ዋናው ማስረጃ፣ በዚያ ቅጽበት የትኛው ካሜራ በቀጥታ ይተላለፍ በሚለው የስርጭት ምርጫ ላይ መንጠልጠሉ ነው የሚከነክነኝ። ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ውሳኔ በተነገረ ጊዜ ዳኞቹ የተመለከቱት ምስልና የውሳኔያቸው ምክንያት ለተመልካቹ አብሮ ይቅረብ። እስካሁን ባለው አሠራር ቅጣቱን ስክሪን ላይ እናያለን፤ ምክንያቱ ግን በወረቀት የሚወጣው ሰዉ ወደየቤቱ ከገባ በኋላ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ባለዲሽ ቤት፣ ሂርማታ

የተከበሩ ጅሬን ማዶ፣ ሐሳብዎ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ዳኞቹ ያላዩትን ከመጠየቃችን በፊት እኛ ራሳችን የምናየው ምን ያህል እንደሆነ ብንነጋገርስ? ብዙዎቹ የአውሮፓ ውድድሮች በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይጀምራሉ። ከነሐሴ ጀምሮ ደግሞ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ስለሚጀምር እሑድ በዚያው ሰዓት ጨዋታ አለ። ለጥቂት የመኪና ውድድር ወዳጆች ብዬ ቤት ሙሉ የአርሰናልና የማንቸስተር ደጋፊ ማስወጣት አልችልም። በመሆኑም ውድድሩ በትንሿ ቴሌቪዥን ላይ፣ ድምፁ ተዘግቶ ይታያል።

በዚያ ላይ ክረምቱ አለ። ሲልቨርስቶንም፣ ሃንጋሪም፣ ስፓም የሚደረጉት የጅማ ዝናብ በሚበረታበት ወቅት ነው፤ ከባድ ዝናብ ሲወርድ ደግሞ የዲሽ ሲግናል ይቆራረጣል። አንድ መኪና ኩርባ ላይ ሲገባ እናየውና ምስሉ ይደርቃል፤ ሲመለስ መኪናው ግድግዳው ሥር ቆሟል። ከዚያ በኋላ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ የሚካሄደውን ክርክር እናንተም ሰምታችሁታል።

ድምፅ በሌለበት ቤት ዋናው መረጃ በስክሪኑ ጥግ የምትወጣዋ ጽሑፍ ናት። ‹ክስተቱ ተመዝግቧል› ይላል፤ ቀጥሎ ‹በምርመራ ላይ› ይላል፤ ከዚያም አንዳንዴ ‹ከውድድሩ በኋላ ይታያል› ብሎ ይሰወራል። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ከመሆኑም በላይ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ውጤቱ ማታ ከተለወጠ ደንበኛዬ የሚያውቀው በማግስቱ ነው፤ እኔንም ‹ትናንት ሦስተኛ ያልከኝ ሰው አራተኛ ሆኖ አደረ› ብሎ ይወቅሰኛል።

ኪቶ ፉርዲሳ

ጅሬን ማዶ ‹ምን አይተው ነው?› ብለው ለጠየቁት በይፋ ከሚታወቀው ልጀምር። ዳኞቹ በሚያወጡት የውሳኔ ወረቀት ላይ የመረመሩት ማስረጃ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፦ የመኪኖቹን አቀማመጥ የሚያሳይ መረጃ፣ ቪዲዮ፣ የሰዓት መዝገብ፣ ቴሌሜትሪ (ከመኪናው የሚላክ የፍጥነትና የፍሬን መረጃ)፣ የቡድን ሬዲዮና ከመኪናው ላይ የተቀረጸ ምስል። ከ2021ዱ ውዝግብ በኋላም ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ከውድድሩ ሥፍራ ርቆ ዳኝነቱን የሚያግዝ ማዕከል በጄኔቫ አቋቁሟል። እኛ አንድ ማዕዘን ስናይ እነርሱ ብዙ ያያሉ ማለት ነው።

ሆኖም ብዙ ማየት ብቻውን ክርክሩን ይዘጋዋል በሚለው አልስማማም። ከመንገዱ ዳር ከሩቅ የሚቀርጸው ረጅም ሌንስ ርቀትን ያጣብቃል፤ በሁለት መኪኖች መካከል ያለው ክፍተት ከእውነተኛው ጠብቦ፣ ፍጥነቱም ቀንሶ ይታያል። ከአሽከርካሪው ራስ በላይ ያለው ካሜራ በአንጻሩ ሰፊ ሌንስ ስላለው ክፍተቱን አስፍቶ ያሳያል። ያንኑ አንድ ክስተት በመጀመሪያው ካሜራ ያየ ሰው ‹ቦታ አልነበረም› ብሎ ይምላል፤ በሁለተኛው ያየው ደግሞ ‹መኪና የሚያሳልፍ ቦታ ነበር› ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ስለዚህ ጅሬን ማዶ እንዳሉት የዳኞቹ ምስል ለሕዝብ ቢቀርብም፣ የትኛው ማዕዘን ቀድሞ ይቅረብ የሚለው ራሱ ሌላ ጠብ ይወልዳል።

ዳኞቹ የሚመሩበትንም ማወቅ ይገባናል። ፌዴሬሽኑ የአነዳድ መመሪያዎቹን እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ ላይ ለሕዝብ ይፋ አድርጓል። በመመሪያው መሠረት በውስጥ በኩል የሚያልፍ አሽከርካሪ ቦታ ሊሰጠው የሚገባው፣ ኩርባው ጫፍ (መኪናው ወደ ውስጠኛው ጠርዝ በጣም የሚቀርብበት ቦታ) ላይ ሲደርስ የፊት አክሰሉ ቢያንስ ከሌላው መኪና መስታወት ጎን ከሆነ ነው። በውጭ በኩል የሚያልፈው ደግሞ በዚያው ጫፍ ላይ የፊት አክሰሉ ከሌላው መኪና የፊት አክሰል መቅደም አለበት። መለኪያው ግልጽ መሆኑ በጎ ነው፤ ችግሩ አሽከርካሪዎቹ ለመለኪያው ሲሉ መንዳት መጀመራቸው ነው። ፍሬን ዘግይቶ መያዝና ጫፉ ላይ ቀድሞ መድረስ ከቻልክ ኩርባው ያንተ ነው፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ላይ መቆየት ባትችልም እንኳ። መመሪያው ገና ለሕዝብ ሳይወጣ፣ በ2024 በኦስቲን የታየው ይኸው ነበር። ቬርስታፐን ጫፉን ቀድሞ ያዘ፤ ሁለቱም ከመስመር ወጡ፤ ኖሪስ ከመንገድ ውጭ ሆኖ በማለፉ አምስት ሰከንድ ተቀጥቶ ሦስተኛነቱን አጣ። በሳምንቱ በሜክሲኮ ግን ቬርስታፐን ራሱ በሁለት ክስተት ሁለት ጊዜ አሥር ሰከንድ ተቀጣ። ብዙ ተመልካች ይህን የዳኞች መወላወል አድርጎ አየው፤ እኔ ግን ጉድለቱ በመለኪያው ላይ ነበር እላለሁ።

ብርቱካናማው

እ.ኤ.አ. የ2021ዱን የመጨረሻ ውድድር፣ አቡ ዳቢን፣ ለማንሣት እየተዘጋጃችሁ መሆኑ ይታየኛል። ቬርስታፐን በመጨረሻው ዙር አልፎ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ውጤቱም ጸንቷል። ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

የመስመር ዳኛ

ብርቱካናማው ቀደሙኝ፤ እኔም ከማንሣት ወደ ኋላ አልልም። በከተማችን የእግር ኳስ ውድድሮች ባንዲራ ይዤ የቆምኩ ሰው ነኝና ጉዳዩን የማየው ከዳኛው ወገን ነው። ውጤቱ ጸንቷል ማለት አሠራሩ ትክክል ነበር ማለት አይደለም፤ ይህን የተናገረው ደግሞ ራሱ ፌዴሬሽኑ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ባወጣው ሪፖርት የውድድሩ ዳይሬክተር በቅንነት እንደሠራ ገልጾ፣ የሴፍቲ ካሩን (አደጋ ሲኖር ከፊት ሆኖ መኪኖቹን በዝግታ የሚመራውን መኪና) አያያዝ በተመለከተ ግን የሰው ስሕተት እንደነበረ አስፍሯል።

የሆነውን ለማያስታውሱ ላስታውስ። ሁለቱ ተፎካካሪዎች እያንዳንዳቸው 369.5 ነጥብ ይዘው ነበር የገቡት። ከ58ቱ ዙር በ53ኛው አሽከርካሪው ላቲፊ ተጋጨና ሴፍቲ ካር ገባ። መጀመሪያ በዙር የተደረቡት (አንድ ዙር ወደ ኋላ የቀሩት) መኪኖች እንዳያልፉ ተነገረ፤ ቆይቶ በሃሚልተንና በቬርስታፐን መካከል ያሉት አምስቱ ብቻ እንዲያልፉ ተፈቀደ፤ ሴፍቲ ካሩም አንድ ተጨማሪ ዙር ሳይጠበቅ በዚያው ዙር ወጣ። ቬርስታፐን አዲስ ጎማ፣ ሃሚልተን ያረጀ ጎማ ይዘው የመጨረሻውን ዙር ጀመሩ። መርሴዲስ ያቀረባቸው ሁለት ተቃውሞዎች ተቀባይነት አላገኙም፤ ይግባኙንም አልገፋበትም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ስለ ደንቡ አንቀጾች ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር ነው፤ እርሱም ሬዲዮው ነው። በዚያው የውድድር ዘመን የቡድን ኃላፊዎች ከዳይሬክተሩ ጋር የሚነጋገሩበት ሬዲዮ በቴሌቪዥን መሰማት ጀምሮ ነበር። በዚያ ውድድር ላይ ከአንዱ ወገን ‹ሴፍቲ ካር አታስገባ›፣ ከሌላው ወገን ‹መኪኖቹን ለምን አታሳልፍም› የሚል ጫና በጆሮው ይፈስስ ነበር፤ እኛም ደስ ብሎን እናዳምጥ ነበር። ለተመልካች ግልጽነት ተብሎ የተከፈተው መስመር ዳኛው ላይ የሚጮኹበት መስመር ሆነ። ከዚያ በኋላ ዳይሬክተሩ ማይክል ማሲ ከቦታው ተነሣ፤ የቡድን ኃላፊዎች በውድድር መካከል እንዲህ መነጋገራቸውም ቀረ። ጅሬን ማዶ ‹ሁሉም ይታይ› ሲሉ ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። እኔ ሜዳ ላይ ቆሜ ባንዲራ ባነሣሁ ቁጥር አሠልጣኞቹ በጆሮዬ እንዲገቡ ቢፈቀድላቸው አንድም ኦፍሳይድ በትክክል የማይ አይመስለኝም።

ስፓንም አንርሳ። በዚያው በ2021 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ በዝናብ ምክንያት ከሴፍቲ ካር ኋላ ጥቂት ዙር ተዙሮ ግማሽ ነጥብ ተሰጠ፤ በዝናብ ሲጠባበቅ የዋለው ተመልካች ውድድር ሳያይ ተመለሰ። ቀጥሎ ደንቡ ተስተካክሎ፣ ሴፍቲ ካር የሌለባቸው ቢያንስ ሁለት ዙሮች ካልተደረጉ ነጥብ እንዳይሰጥ ሆነ። እዚያ ላይ ካሜራው ሁሉን አሳይቷል፤ የጎደለው ደንቡ ነበር።

ቡና ቀማሽ

ሥራዬ ቡና መቅመስና ደረጃ መስጠት ነው። እኛ ዘንድ ናሙናው የሚቀርበው በመለያ ቁጥር እንጂ በባለቤቱ ስም አይደለም፤ ከጎማ ወረዳም ይምጣ ከሊሙ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ቀማሹ የሚያውቀው ስኒውን ብቻ ነው። የፎርሙላ ዋን ዳኞች ግን የሚያዩት ስሙን፣ የራስ ቁሩን፣ የነጥብ ሰንጠረዡን፣ የውድድሩንም ውጤት ጭምር ነው። ታዲያ ፍርዱ ከውጤቱ ተለይቶ እንዴት ሊቆም ይችላል?

እ.ኤ.አ. የ2021ዱን ሲልቨርስቶን ውሰዱ። በመጀመሪያው ዙር ኮፕስ ኩርባ ላይ ሃሚልተንና ቬርስታፐን ተነካኩ፤ ቬርስታፐን በ51 ጂ ኃይል ከመከላከያው ተጋጭቶ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። ሃሚልተን አሥር ሰከንድ ተቀጣ፤ ቅጣቱን ፈጽሞ ውድድሩን አሸነፈ። ዳኞቹ የሚመዝኑት ድርጊቱን እንጂ ያስከተለውን ጉዳት አይደለም የሚለው የቆየ መርሕ ነው፤ በመርሕ ደረጃ ልክ ነው እላለሁ። ሆኖም አንዱ ሆስፒታል ሆኖ ሌላው ዋንጫ ሲያነሣ ያየ ተመልካች ይህን መርሕ እንዲቀበል ማን አስረዳው? በዚህ ረገድ የጅሬን ማዶን ጥያቄ እደግፋለሁ፤ ምክንያቱ ከቅጣቱ ጋር አብሮ ሊነገር ይገባል።

ኪቶ ፉርዲሳ

ጋሼ ቡና ቀማሽ፣ ስም የተሸፈነበት ዳኝነት ያማረ ሐሳብ ነው። የጋዝና የፍሬን መስመሩን፣ የመሪውንም እንቅስቃሴ ያለ ስም አትሞ ለዳኛ ማቅረብ ይቻላል። ምስሉ ላይ ግን የመኪናው ቀለም ስለሚታይ ቡድኑን መደበቅ የሚቻል አይመስለኝም።

ስም ከመሸፈን ይልቅ ቀድሞ የተፈረደውን ማስታወስ ይበልጣል ለማለት የሚያበቃኝ እ.ኤ.አ. የ2023ቱ የጂዳ ውድድር ነው። አሎንሶ በመነሻው ላይ ቦታውን ስቶ በመቆሙ አምስት ሰከንድ ተቀጣ። ጎማ መቀየሪያው ቦታ ቆሞ ቅጣቱን ሲፈጽም፣ ጊዜው ሳያልቅ የኋላው ክሪክ መኪናውን ነክቷል ተብሎ፣ መድረክ ላይ ወጥቶ ዋንጫ ከተቀበለ በኋላ ሌላ አሥር ሰከንድ ተጨመረበትና ሦስተኛነቱን አጣ። ቡድኑ አስቶን ማርቲን ከዚህ በፊት ክሪክ ነክቶ ያልተቀጡ ሰባት ተመሳሳይ አጋጣሚዎችን አቀረበ፤ ዳኞቹም የራሳቸውን ውሳኔ ሻሩ፤ አሎንሶም መቶኛ መድረኩን መልሶ አገኘ። በዚያ ምሽት ማንም ካሜራ አልጎደለም። የጎደለው ዳኞቹ ትናንት የፈረዱትን ዛሬ የሚያስታውሱበት መዝገብ ነው።

የመስመር ዳኛ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። ዳኞቹ ከውድድር ውድድር ይለዋወጣሉ፤ የሙሉ ጊዜ ሙያቸውም ይህ አይደለም። አንዳንድ አሽከርካሪዎች ‹ቋሚ ዳኞች ይኑሩልን› የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ተረኛዋ ነርስ

እስካሁን ስለ ቅጣት ብቻ ነው የተጻፈው፤ እኔ በድንገተኛ ሕክምና ክፍል የምሠራ በመሆኔ ስለ አደጋው ምስል ልናገር። ‹ሁሉም ወዲያውኑ ይታይ› የሚለውን ሐሳብ እንዳለ ለመቀበል ይከብደኛል። ከባድ አደጋ ሲደርስ አሽከርካሪው በሕይወት መኖሩ እስኪረጋገጥ ድረስ ድጋሚ ምስሉን አለማሳየት ትክክለኛ አሠራር ነው። የሰውየው እናትና ሚስትም ያንኑ ቴሌቪዥን ይመለከታሉ።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 2020 ባሕሬን ላይ የግሮዣን መኪና መከላከያውን ሰንጥቆ በእሳት ሲያያዝ፣ ስርጭቱ ድጋሚውን ያሳየው ሰውየው ከእሳቱ መውጣቱ ከታወቀ በኋላ ነው። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ውድድሩ እስኪቀጥል በተጠበቀበት ረጅም ሰዓት ያንኑ እሳት ደጋግመው አሳዩት፤ አሽከርካሪዎቹ እንደገና ወደ መኪናቸው ሊገቡ በሚዘጋጁበት ጊዜ ማለት ነው። አሽከርካሪው ዳንኤል ሪካርዶ በዚህ በግልጽ ተቆጥቶ ተናግሯል፤ እኔም ከእርሱ ጋር ነኝ። የጭንቅላት መከላከያው ሃሎ ከ2018 ጀምሮ ግዴታ ባይሆን ኖሮ ያንን ምስል ማንም ለመዝናኛ ሊደጋግመው አይደፍርም ነበር።

ምስል ባይኖር ኖሮ ማንም የማይጠየቅበት ጉዳይ እንዳለም አልክድም። በሱዙካ እ.ኤ.አ. በ2014 ዡል ቢያንኪ በዝናብ ተንሸራቶ፣ የሱቲልን መኪና ለማንሣት ከገባው ከባድ ተሽከርካሪ ጋር ተጋጨ፤ በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ላይ አረፈ። ቨርቹዋል ሴፍቲ ካር የሚባለው፣ መኪኖቹ ሁሉ ፍጥነት እንዲቀንሱ የሚያዝዘው አሠራር የመጣው ከዚያ በኋላ በ2015 ነው። በዚያው ሱዙካ፣ በዚያው ዓይነት ዝናብ፣ በ2022 ጋስሊ በፍጥነት ሲጓዝ ከተመሳሳይ ተሽከርካሪ ጎን አለፈ። በሬዲዮ የጮኸውን ጩኸት ሰምተናል፤ ከመኪናው ላይ የተቀረጸውንም አይተናል። ጋስሊ በቀይ ባንዲራ (ውድድሩ በቆመበት ምልክት) ሥር ፈጥኗል ተብሎ መቀጣቱ እውነት ነው፤ ጥፋቱም ጥፋት ነው። ነገር ግን ተሽከርካሪው ሰው በማይታይበት ጭጋግ ውስጥ መንገዱ ላይ ምን ይሠራ ነበር የሚለው ጥያቄ በፌዴሬሽኑ ላይ የጸናው ምስሉ ለሁሉም በመድረሱ ነው።

ጅሬን ማዶ

እህታችን ተረኛዋ ነርስ ያነሡት ጥያቄዬን አጥርቶልኛል። ሁለት ዓይነት ምስል አለ። አንዱ ሰው የተጎዳበት ነው፤ እርሱ ቢዘገይ አልቃወምም። ሌላው ማንም ሳይጎዳ ነጥብ የተወሰደበትና የተሰጠበት ነው፤ ይህን ለማዘግየት ግን ምንም ሰብአዊ ምክንያት የለም። እኔ የምከራከረው በዚህኛው ላይ ነው።

የስርጭቱ ዳይሬክተር ምርጫ ፍርድ ነው የምለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሞናኮን ስርጭት ለብዙ ዓመታት ያዘጋጅ የነበረው የአገሩ ጣቢያ ነበር፤ ፎርሙላ ዋን ራሱ የተረከበው በ2023 ነው። በ2021 ፌትልና ጋስሊ ከፒት (ከጎማ መቀየሪያው) መውጫ ጀምሮ ዳገቱን ጎን ለጎን ሲወጡ፣ ምስሉ ተቆርጦ ስትሮል የመንገዱን ጠርዝ ሲረግጥ የሚያሳይ ድጋሚ ገባ። በቀን ሙሉ ከታዩት ጥቂት እውነተኛ ፍልሚያዎች አንዱ በዚህ አመለጠን። በመካከላቸው ጥፋት ተፈጽሞ ቢሆን ተመልካቹ ስለ ቅጣቱ ምን ብሎ ይከራከር ነበር? ችግሩ ከሞናኮ ጋር አብሮ አልሄደም፤ በ2025 ከሲንጋፖር በኋላ ሳይንዝ ስርጭቱ ፍልሚያዎቹን ትቶ ታዋቂ ሰዎችንና የአሽከርካሪዎችን ፍቅረኞች ማሳየት አብዝቷል ሲል አማርሯል። እኔም ከተመልካች ወገን ሆኜ ቅሬታውን እጋራለሁ፤ ለጅማ ተመልካች በጋራዡ ውስጥ የቆመው የፊልም ተዋናይ ማን እንደሆነ ማወቅ አንዳች የሚጨምርለት ነገር የለም።

አራት ጎማ

የእኔ ነገር አጭር ነው፤ መካኒክ ነኝና በሚለካ ነገር አምናለሁ። ራስል በ2024 ስፓ ላይ አንደኛ ወጥቶ መኪናው 1.5 ኪሎ ጎድሎ ሲገኝ ከውጤት ተሰረዘ። በ2025 ላስ ቬጋስ ላይ የኖሪስና የፒያስትሪ መኪኖች የሥር ጣውላቸው ከሚፈቀደው 9 ሚሊሜትር በታች አልቆ ተገኘና ሁለቱም ተሰረዙ። ቡድኖቹ አዘኑ፤ ምክንያቱንም አስረዱ፤ ‹ዳኛው አዳላ› ብሎ ከተማ ያወከ ሰው ግን አላየሁም። ሚዛኑ ነው የተናገረው።

የመንገድ ጠርዝ ጉዳይም እንዲሁ ነው። በ2023 ኦስትሪያ ላይ ከመስመር ወጥተዋል የተባሉ ከ1200 በላይ አጋጣሚዎች ስለተከማቹ ዳኞቹ በሰዓቱ አጣርተው መጨረስ አልቻሉም፤ በአስቶን ማርቲን ተቃውሞ ከውድድሩ በኋላ ቅጣት ተጨምሮ ሳይንዝ ከአራተኛ ወደ ስድስተኛ ወረደ። ባለዲሽ ቤት ‹አራተኛ ሆኖ አደረ› ያሉት ዓይነት መሆኑ ነው። በቀጣዩ ዓመት በዘጠነኛውና በአሥረኛው ኩርባ ዳር ጠጠር ተነጠፈ። የወጣ ሰው ጠጠር ውስጥ ገብቶ ጊዜውን ያጣል፤ የካሜራም የወረቀትም ሥራ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ስለ እነዚያ ሁለት ኩርባዎች መስመር ማን ጮኸ? ስለዚህ ገንዘቡን በካሜራ ላይ ከማፍሰስ መንገዱን ማስተካከል ይሻላል ባይ ነኝ።

ቡና ቀማሽ

ወንድሜ አራት ጎማ፣ ለመስመር ጠጠሩ ይበጃል፤ ለኮፕስ ግን ምን ታነጥፋለህ? ሁለት መኪኖች አንድ ቦታ ሲሻሙ የሚመዝን ሚዛን የለም፤ የሰው ፍርድ ነው።

አራት ጎማ

እውነት ነው፤ ለዚያ ሚዛን የለኝም። ቢሆንም ዳኞቹ ከእንደዚያ ያለው ላይ ብቻ እንዲያተኩሩ፣ ጠጠር የሚፈታውን ለጠጠር ይተዉለት።

ብርቱካናማው

ሁላችሁም ስለ ግልጽነት ትናገራላችሁ፤ ነገር ግን ምክንያቱ በተነገረ ጊዜም አትቀበሉትም። የሜክሲኮው ሁለት ጊዜ አሥር ሰከንድ ምክንያቱ በዝርዝር ተጽፎ ወጥቷል፤ እኔ አንብቤዋለሁ፤ አሁንም አንዱ ቅጣት ከልክ ያለፈ ነበር እላለሁ።

ኪቶ ፉርዲሳ

ብርቱካናማው፣ አንብበው ካልተስማሙ ያ ክርክር ነው፤ ሳያነቡ አለመስማማት ግን ጭብጨባ ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። የውሳኔ ወረቀቶቹ በፌዴሬሽኑ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይወጣሉ፤ አብዛኞቹ ከአንድ ገጽ አይበልጡም። ከሚቀጥለው ውድድር ጀምሮ አከራካሪ የሆኑትን ወደ አማርኛ መልሼ እዚህ ክር ላይ እለጥፋለሁ። ከእናንተ የምፈልገው ወረቀቱን ከማየታችሁ በፊት የራሳችሁን ፍርድ፣ የትኛውን ምስል አይታችሁ እንደፈረዳችሁም ጭምር፣ እንድትጽፉ ነው። ከመንገድ ዳሩ ካሜራና ከመኪናው ካሜራ የተነሡት ፍርዶች ምን ያህል እንደሚራራቁ ያኔ ይለይልናል።

የመስመር ዳኛ

እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ይጨመርበት። ፍርዳችሁን ስትጽፉ የፈጀባችሁንም ጊዜ አስፍሩ። ዳኞቹ ውድድሩ እየሄደ በደቂቃዎች ውስጥ የሚወስኑትን እኛ ሌሊቱን አሳድረን በማግስቱ ከፈረድንበት ንጽጽሩ ዋጋ የለውም። እኔ በበኩሌ ድጋሚውን ሁለት ጊዜ ብቻ አይቼ ወዲያው እጽፋለሁ።

ባለዲሽ ቤት፣ ሂርማታ

ሲግናሉ ተቆርጦ ድጋሚው ያመለጠው ሰው ‹አላየሁም› ብሎ ይጻፍ፤ እንደ አየ ሆኖ አይፍረድ። በእኔ ቤት የብዙ ጠብ መነሻ እርሱ ነው።